እንጀራ ለሚጭን ሚኒቫን የተሠራ ወለል፦ የአንድ ቤተሰብ መኪና የጉዳይ ጥናት

እንጀራው የተመለሰው ማክሰኞ ዕለት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝ አንድ ባለ ሱቅ ስምንት ጥቅል ከመደርደሪያው አንሥቶ ለእህቴ ባለቤት መልሶ አስረከበው፤ ምክንያቱንም በትሕትና አስረዳው። እንጀራው መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል፤ ከሥር ያሉት ደግሞ ዓይናቸው ተደፍጥጦ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቀዋል። እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ የገዛ ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስም። ማታ ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። «ሊጡ ያው ነው፤ እርሾውም ያው ነው፤ አብሲቱንም እንደ ወትሮው ነው የጣልኩት። ከምጣድ ሲወጣ እንከን አልነበረውም። መኪናው ውስጥ የሚሆነውን አንተ ሂድና እይልኝ» አለችኝ። «እሺ እትዬ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አልኳት።

እኔ እንጨት ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ቁም ሣጥንና አልጋ ስሠራ ቆይቼ ቨርጂኒያ ከመጣሁ ወዲህ የወጥ ቤት መደርደሪያ እገጥማለሁ። የመኪና ወለል ግን ሠርቼ አላውቅም ነበር። ሥራው ሦስት ወር ያህል ወሰደ። የመጀመሪያውን ወለል ሠርተን ጣልነው፤ ሁለተኛው ይኸው እስከ ዛሬ ያገለግላል። የሁለቱንም ታሪክ የምጽፈው በዋሽንግተን ዙሪያ እንጀራ፣ ድፎ ዳቦ፣ በርበሬና ሽሮ በቤተሰብ መኪና ጭነው ከሱቅ ሱቅ የሚያደርሱ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ ነው። ሁሉም ከዚሁ ወለል ጋር ይታገላሉ፤ አንዳንዶቹ ጥፋቱን ከሊጡ ወይም ከምጣዱ ሲፈልጉ ወራት ያጠፋሉ።

መኪናው የ2013 ሞዴል ቶዮታ ሲዬና ነው፤ በፊት ጎማ የሚነዳ፣ ሰባት ሰው የሚይዝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቨርጂኒያ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በኮሎምቢያ ፓይክና በጆርጂያ አቬኑ ጎዳናዎች በኩል እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ያደርሳል። እሑድ ማለዳ ደግሞ እህቴን፣ ባለቤቷን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እናታችንን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ስለዚህ ወለሉን በብሎን ጠርቅሞ መኪናውን ለዘለቄታው የጭነት ማድረግ ከመጀመሪያውም አይታሰብም ነበር። የሚሠራው ነገር ቅዳሜ ማታ ወጥቶ እሑድ ማታ የሚመለስ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሣው መሆን ነበረበት።

የዚህ ዓይነት ሚኒቫን ወለል ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል። የመሃለኛው ረድፍ ወንበሮች ተነቅለው ይወጣሉ፤ የኋለኛው ረድፍ ደግሞ ስድሳ በአርባ ተከፍሎ ይታጠፍና ከኋላ በር አጠገብ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሁሉም ምንጣፍ ለብሶ ስለሚታይ ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ከፊት ወንበሮች ጀርባ እስከ ኋላ በር ድረስ ባጋድም ግን በአንድ መኪና ውስጥ ሦስት ወለል አገኘሁ። መሃል ላይ ወንበሮቹ ሲወጡ የሚቀሩት የብረት ሐዲዶች ከምንጣፉ በላይ ብቅ ብለዋል። የታጠፈው ወንበር ጀርባ ከመሃለኛው ወለል በ38 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ኋላ በር ሲጠጋ በጥቂቱ ይዘቀዝቃል። በሁለቱ መካከል፣ ጉድጓዱ በሚጀምርበት መስመር ላይ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

እንጀራው የሚጫነው ዳቦ ቤቶች በሚጠቀሙበት የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ሣጥኑ 66 በ56 ሴንቲሜትር ሲሆን አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። በያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አሥር አሥር እንጀራ የያዙ ሦስት ጥቅሎች ይተኛሉ። እህቴ እንጀራ አጥፋ አትሸጥም። በዚህ ነገር ከእርሷ ጋር መከራከር አይቻልም፤ ልክም ናት። የታጠፈ እንጀራ ሲዘረጋ የእጥፋቱ መስመር ትሪው ላይ እንደ ጠባሳ ይቀራል።

በማግስቱ ስልኬን ከጣሪያው መያዣ ላይ አስሬ፣ ፊቱን ወደ ጭነቱ አድርጌ፣ የአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ቀረጽኩ። ማታ ከእህቴና ከባለቤቷ ጋር ሆነን ተመለከትነው። መኪናው ቀጥ ባለው አውራ ጎዳና ላይ ሲሄድ ሁሉም ደህና ነው። የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲያልፍ ግን የመሃለኛው ቁልል ራሱ ያንቀላፋ ሰው ይመስል ወደ ፊት ደፋ፣ ወደ ኋላ ቀና ይላል። ያ ቁልል ያረፈው ወለሉ ደረጃ በሚሠራበት ቦታ ላይ ነው፤ የኋላ ሁለት ማዕዘኖቹ በወንበሩ ጀርባ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፣ የፊቶቹ አየር ላይ ናቸው። ከፊቱ ያሉት ሣጥኖች ደግሞ በሐዲዶቹ ላይ ሆነው ይወዛወዛሉ። እህቴ ምስሉን ሁለት ጊዜ ካስደገመች በኋላ «የታችኛው ሣጥን ሆዱ ይጎብጣል፤ እይ» አለች። እኔ ቁልሉን ነበር የማየው፤ እርሷ እንጀራውን ነበር የምታየው።

ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። የፕላስቲክ ሣጥን አራት ማዕዘኑ እኩል ካላረፈ መሃሉ ይጎብጣል፤ በየጉብታው ደግሞ ከፍ ዝቅ ይላል። በላዩ የተኛው እንጀራም አብሮ ይጎብጣል። ጤፍ በስንዴ ውስጥ ያለው የሚለጠጥ ፕሮቲን የለውም፤ የጤፍ እንጀራ ለስላሳ ይሁን እንጂ እንደ ስንዴ ቂጣ አይሳሳብም። ሞቅ እንዳለ ቢጎብጥ ይተጣጠፋል፤ ቀዝቅዞ ሲጎብጥ ግን ይሰነጠቃል። ለመጫን የግድ ቀዝቅዞ መታሸግ አለበት፤ ትኩሱ ከታሸገ ላብ ያወጣና ይጣበቃል፣ በሁለተኛው ቀንም ይሻግታል። ስለዚህ መኪናው ውስጥ የሚገባው እንጀራ ሁልጊዜ በጣም ተሰባሪ በሆነበት ሰዓት ላይ ነው። የሚያድነው ከሥሩ የማይጎብጥ ነገር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላም የመጀመሪያው ወለሌ የተሳሳተ ነበር። ስህተቱ ከሙያዬ የመጣ ነው። መደርደሪያ የሚገጥም ሰው ሁሉን ነገር በውሃ ልክ ይለካል፤ በመለኪያው ውስጥ ያለችው የአየር ጠብታ መሃል ካልቆመች ሥራው አላለቀም። እኔም የመኪናውን ወለል ውሃ ልክ ላድርገው ብዬ ተነሣሁ። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ገዛሁ። እዚህ አገር ሙሉው ጣውላ 122 በ244 ሴንቲሜትር ነው፤ በዚህ መኪና የጎማ ማቀፊያዎች መካከልም ጥቂት ከተከረከመ በትክክል ይገባል። ከሥሩ ሦስት ረጃጅም ሞራሌዎችን በቁመት አስተኝቼ፣ በየቦታው ስስ እንጨት እየወሸቅሁ፣ እህቴ ግቢ ቆሞ ባለው ባዶ መኪና ላይ ጠብታዋን መሃል አቆምኳት። ሲታይ ያምር ነበር።

ሠላሳ ሣጥን ሲጫንበት የመኪናው ኋላ አራት ሴንቲሜትር ያህል ወረደ። የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት በዚህ መኪና 303 ሴንቲሜትር ስለሆነ ያ መውረድ ወለሉን ከአንድ ዲግሪ በታች ቢያዘነብለውም፣ ጠብታዋ ወደ ፊት ሸሸች። የኋላው በር ሲከፈት የመጨረሻው ቁልል ወደ ውጭ ተንሸራተተ፤ የእህቴ ባለቤት በደረቱ ያዘው። ሱቁ በር ላይ ደግሞ መንገዱ ራሱ ዘንበል ያለ ነው፤ በሚቀጥለውም ሱቅ ሌላ ዓይነት ዘንበል አለ። የመኪና ወለል በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም ቦታ ውሃ ልክ ሆኖ አይቆምም። ያኔ ነው የገባኝ፦ የሚፈለገው ውሃ ልክ ሳይሆን አንድ ወጥ ገጽ ነው። አንድ ዲግሪ ያዘነበለ ግን ወጥ የሆነ ወለል ላይ ሣጥኑ አራቱንም ማዕዘን አሳርፎ ይቀመጣል፣ እንጀራው አይጎብጥም። ፍጹም ውሃ ልክ የሆነ ግን በሦስት ቦታ ብቻ የተደገፈ ጣውላ ላይ ሁሉም ይንቀጠቀጣል።

የእኔ ጣውላ እንደዚያ ነበር። በኋላ በኩል ያረፈው በታጠፈው ወንበር ጀርባ ላይ በወሸቅኋቸው ስስ እንጨቶች ነው፤ የወንበር ጀርባ ደግሞ የተሠራው ለሰው ጀርባ እንጂ በነጥብ ለሚያርፍ ክብደት አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ከእንጨቶቹ አንዱ ምንጣፉን ሰርጉዶ ገባ፤ ጣውላው ከዚያ ወዲያ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር።

ሌላ ጉድለትም ነበረ። በዚህ መኪና ትርፍ ጎማው ከሆዱ ሥር ተንጠልጥሏል፤ የሚያወርደው ብሎን የሚገኘው ከፊት ወንበሮች መካከል ትንሽ ወደ ኋላ፣ በወለሉ ምንጣፍ ሥር ነው። እኔ በላዩ አንድ ሙሉ ጣውላ አጋድሜበታለሁ። ኅዳር ውስጥ በአንድ ቀዝቃዛ ማለዳ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አጠገብ ጎማው ፈነዳ። የእህቴ ባለቤትና የሚያግዘው ልጅ ሠላሳ ሣጥን እንጀራ በእግረኛ መንገድ ላይ ደርድረው፣ ጣውላውን ለሁለት አንሥተው በአጥር አስደግፈው ነበር ብሎኑ ጋ የደረሱት። እንጀራው በብርድ አንድ ሰዓት ቆየ። ያን ዕለት የተጫነው በሙሉ ለሱቅ አልቀረበም። እህቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝምታዋ ይበልጥ ከበደኝ።

ማታ ጋራዡ ውስጥ ሆነን ጣውላውን ስናወርድ የሾፌሩ በር ተከፍቶ ነበር። በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ያን ጊዜ አነበብኳት። በአሜሪካ በሚሸጥ የቤተሰብ መኪና ሁሉ ላይ አለች፤ የተሳፋሪዎችና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም ትላለች። የእኛዋ 1,140 ፓውንድ ትላለች፤ 517 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን አውጥተን አንድ ሣጥን መዘንን፦ ከነእንጀራው 12.5 ኪሎ ግራም። ሠላሳው 375 ነው። ሾፌሩና ረዳቱ አንድ ላይ 146 ይሆናሉ። ይህ ብቻውን 521 ነው፤ ማለትም ምንም ወለል ሳይኖር መኪናው ከመጠኑ አልፎ ነበር። የእኔ ጣውላ ከነሞራሌዎቹ 44 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ጠቅላላው 565 ደረሰ። መኪናውን ላግዝ ገብቼ ከልኩ በላይ 48 ኪሎ ግራም አሸከምኩት። ጎማው የፈነዳው በዚህ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ሞላው፣ ፍሬኑና ጎማው በየቀኑ ከተሠሩበት መጠን በላይ እየሠሩ እንደነበር ግን ወረቀቷ ትናገራለች። ሚኒቫን ሰፊ ነው፤ ስፋቱ ግን የሚችለውን ክብደት አይነግርም። እንጀራን የመሰለ እርጥበት ያለው ዕቃ የጭነቱ ክፍል ገና ሳይሞላ ሚዛኑን ይሞላል። የመሃለኛዎቹ ወንበሮች በመውጣታቸው የተረፈ ክብደት አለ፤ እርሱን ግን ለጥንቃቄ ብለን አልቆጠርነውም።

ሁለተኛውን ወለል የጀመርኩት ስለዚህ በእርሳስና በወረቀት ነው። መጀመሪያ የተወሰነው የሣጥኑ ብዛት ነበር፦ ሃያ አራት፣ ማለትም 300 ኪሎ ግራም። የቀሩት ስድስቱ ከሰዓት በኋላ ለቅርብ ሱቆች በሌላ ዙር ይሄዳሉ። የእህቴ ባለቤት ለዚህ በቀን ተጨማሪ አርባ ደቂቃ መስጠት ነበረበት፤ ብዙ ካሰበ በኋላ ተቀበለው። ለወለሉ የፈቀድኩት ከ35 ኪሎ ግራም ያልበለጠ ነው። እንጀራው ምን ያህል ይጫን የሚለው ሳይወሰን ወለሉ ምን ያህል ይወፍር ብሎ መጀመር፣ የቤት ጣሪያ ከመሠረቱ በፊት ማቆም ነው።

ይህ ወሰን ብዙ ነገር ከደጅ መለሰልኝ። ሰዎች በጣም የሚያመሰግኑት የፈረስ ጋጣ የጎማ ምንጣፍ ነበረ፤ የማይንሸራተት፣ የማይበሳ፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን 122 በ183 ሴንቲሜትር የሆነው አንዱ ብቻ 45 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አራት ሣጥን እንጀራ ከመጫን ይልቅ ጎማ መጫን ማን ይመርጣል? ጣውላውንም ከ18 ወደ 12 ሚሊሜትር አወረድኩት። ስስ ጣውላ ደካማ የሚሆነው ከሥሩ ባዶ ሲሆን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከተደገፈ መወፈሩ ትርፍ ክብደት እንጂ ጥንካሬ አይጨምርለትም።

ድጋፉን የሰጠን ለቤት ግድግዳ ሙቀት መከላከያ የሚሸጠው ጠንካራ የአረፋ ሰሌዳ ነው፤ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ በእጅ ሲጫኑት ጣት ይሰረጉድበታልና። ነገር ግን የተለመደው ዓይነት በአንድ ካሬ ኢንች 25 ፓውንድ ይችላል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ሲሰላ ከ17 ቶን በላይ ነው። የማይችለው በነጥብ የሚመጣን ክብደት ነው። በላዩ ጣውላ ከተኛበት ነጥቡ ይበተንና ጉዳዩ ያበቃል። ሰሌዳው በተለያየ ውፍረት ይሸጣል፤ ከነዚህ አንዱ አንድ ኢንች ተኩል፣ ማለትም 38 ሚሊሜትር ነው። በመሃለኛው ወለልና በወንበሩ ጀርባ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው 38 መሆኑን አስታውሱ። እዚህ አገር ሁለት በአራት እየተባለ የሚሸጠው ሞራሌም ስሙ ሁለት ኢንች ይበል እንጂ ሲለካ ውፍረቱ 38 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱ ልኮች ሲገጥሙ ባየሁ ጊዜ ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አረፋውን በካርቶን ናሙና እየቆረጥኩ በሐዲዶቹ መካከልና ግራ ቀኝ አስገባሁ፤ ሐዲዶቹ ራሳቸው ምንም አልተሸከሙም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሐዲዱ ላይ ክብደት ሲያርፍ እሑድ ወንበሩ በትክክል መቆለፍ እንዳይቸግረው ስለምሰጋ ነው። መሃለኛው ወለል በሚያልቅበት ጠርዝ፣ ከክፍተቱ ፊት ለፊት፣ አንድ ሞራሌ በአግድም አስተኛሁ፤ ሌላውን ከፊት ወንበሮች ጀርባ። ከዚያ 12 ሚሊሜትሩን ጣውላ በሦስት ቆረጥኩት፤ ሁለቱ 68 ሴንቲሜትር፣ የኋለኛው 108 ሴንቲሜትር ርዝመት አላቸው፣ ወርዳቸው 120 ነው። የኋለኛው ጣውላ ክፍተቱን ተሻግሮ የፊት ጠርዙን ከመሃለኛው ጣውላ ጋር በዚያው ሞራሌ ላይ ያሳርፋል። ሁለት ጣውላ የሚገናኝበት መስመር አየር ላይ ከቀረ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይቀራል፣ ደረጃውም ተመልሶ ይመጣል። የቀረው የኋለኛው ጣውላ አካል በሙሉ በወንበሮቹ ጀርባ ላይ ተኝቷል፤ በመካከላቸው ስስ የጎማ ጥብጣቦች አሉ እንጂ የተወሸቀ እንጨት የለም። ወደ ኋላ በር የሚዘቀዝቀውን እንዲሁ ተውኩት። አንድ ወጥ እንዲሆን እንጂ ውሃ ልክ እንዲሆን አልጠየቅሁትም።

ሁሉም ተመዝኖ 33 ኪሎ ግራም ሆነ። ጠቅላላ ድምሩ 479 ነው፤ ከወረቀቷ ቁጥር 38 ይጎድላል። ከሦስቱ ጣውላዎች እህቴ ራሷ የማታነሣው የለም።

አጫጫኑም ተቀየረ። ስድስት ቁልል አለን፤ ሁለት በወርድ፣ ሦስት በርዝመት። ድሮ እያንዳንዱ አምስት አምስት ነበር። አሁን የፊቶቹ ሁለቱ አምስት፣ የመሃሎቹ አራት፣ የኋላዎቹ ሦስት ሣጥን ይይዛሉ። ክብደቱ ጠንካራ ብረት ወዳለበት ወደ መሃል መጣ፣ የወንበሩ ጀርባ ቀለለው፣ የመኪናው ኋላም እንደ በፊቱ አይወርድም። ሁለቱ ቁልሎች በወርድ 112 ሴንቲሜትር ስለሚይዙና ወለሉ 120 ስለሆነ መሃል ላይ 8 ሴንቲሜትር ይተርፋል። በዚያ ክፍተት ትክክል፣ ከትርፍ ጎማው ብሎን በላይ፣ ጣውላውንና አረፋውን በሳሁ። አሁን ጎማ ቢተነፍስ የማውረጃው ዘንግ በቁልሎቹ መካከል ቁልቁል ይገባል፤ አንድ ሣጥን አይነሣም። ጋራዥ ውስጥ ሞክረነዋል።

ማሰሩን በተመለከተ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። የአሜሪካ የጭነት መኪኖች ደንብ የታሰረ ዕቃ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ የክብደቱን ስምንት አሥረኛ የሚያህል ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል እንዲቋቋም ይጠይቃል፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ ግማሹን። ደንቡ የወጣው ለንግድ ጭነት መኪኖች ቢሆንም እኔ መለኪያ አደረግሁት። 300 ኪሎ ግራም እንጀራ 240 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ወደ ሾፌሩ ጀርባ ይመጣል ማለት ነው። የእህቴ ባለቤት ይህን ስነግረው ከወንበሩ ዞር ብሎ ሣጥኖቹን ተመለከተና «ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ከጀርባዬ አድርጌ ነው የነዳሁት?» አለ። ጣውላው ላይ ከፊት በኩል አምስት ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ሠራሁ፤ ከሣጥኖቹ ሥር የጎማ ጥብጣብ አነጠፍኩ፤ በላያቸው ደግሞ በእጅ የሚወጠር ሰፊ ማሰሪያ በሁለት ቦታ ይያያዛል። ማሰሪያዎቹ የሚታሰሩት መኪናው ሲሠራ አብረውት በመጡት የወንበር ማያያዣ ብረቶች ነው። አዲስ ቀለበት በወለሉ ላይ በስቶ መትከል ቀላል ይመስላል፤ ከዚያ ስስ ቆርቆሮ ሥር ግን የነዳጅ ታንኩ፣ የፍሬን ቱቦና ሽቦዎች ያልፋሉ። ትራፓኖዬን ወደ መኪናው ውስጥ ጭራሽ አላስገባሁም።

ያላሰብኩት ሽታውን ነበር። ወለሉ ባለቀ በሦስተኛው ቀን እህቴ ከመኪናው የተመለሰ አንድ ጥቅል ከፍታ አሸተተችና «ጎማ ጎማ ይላል» አለች። እኔ ምንም አልሸተተኝም። እናታችን ግን አንድ ጊዜ ቆርሳ አረጋገጠችልን። እንጀራ አጠገቡ ያለውን ይወስዳል፤ ባልትና የሚያውቅ ሰው እንጀራን ከሽንኩርት አጠገብ የማያሳድረው ለዚህ ነው። ጥብጣቦቹን በሙሉ ገፍፌ በሳሙና አጥቤ ሁለት ሳምንት ደጅ ላይ ነፋስ አስመታኋቸው። ጣውላውን በውሃ በሚቀጥን ቫርኒሽ ፊቱን፣ ጀርባውንና በተለይ የተቆረጠውን ጠርዙን ሦስት ጊዜ ቀብቼ፣ ሽታው እስኪጠፋ መኪና ውስጥ አላስገባሁትም። ጠርዙ ካልተደፈነ የፈሰሰ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ሊጥ ከገባበት ደግሞ መሽተቱ አይቀርም። ከያንዳንዱ ቁልል ሥር ባዶ ሣጥን እናድርግ የሚል ሐሳብም ነበር፤ ክብደቱን አስበን ተውነው፤ በምትኩ የታችኛው ሣጥን ውስጥ ንጹሕ ካርቶን ይነጠፋል።

ቅዳሜ ማታ ሦስቱ ጣውላዎች ወጥተው ጋራዡ ግድግዳ ላይ ይደገፋሉ፤ አረፋዎቹ ቁጥር ስለተጻፈባቸው በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። የኋላው ወንበር ይነሣል፤ የመሃለኞቹ ይመለሳሉ። እነዚህን ለማስገባት ሁለት ሰው ይሻላል፤ አንድ ሰው ወገቡን ይጎዳል። ወንበሩ ሲቆለፍ ድምፅ ያሰማል፤ የእህቴ ባለቤት ግን ድምፁን ብቻ አያምንም፤ እያንዳንዱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በኃይል ይጎትታል። ልጆቹ ይህን እያዩ ስላደጉ ትንሿ እሑድ ጠዋት ከመቀመጧ በፊት ራሷ ትጎትታለች። ሥራው በሙሉ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

ከየካቲት ወዲህ በሁለተኛው ወለል እየተጓዘ ነው። እህቴ የሚመለሰውን ጥቅል በሒሳብ ደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ ትመዘግባለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የተሰነጠቀ ተብሎ የተመለሰ የለም፤ በሦስተኛው ወር አራት ጥቅል ተመለሰ። ምክንያቱን ስንፈልግ ረዳቱ ልጅ ቸኩሎ የመሃለኛውን ጣውላ ገልብጦ አስገብቶት እንደነበር አገኘን፤ በዚህም ጣውላው በሞራሌው ላይ ሙሉ በሙሉ አላረፈም ነበር። አሁን በየጣውላው ፊት ላይ ወደ ሾፌሩ የሚያመለክት ቀይ ቀስት ተቀብቷል።

ያልጨረስኩት አንድ ነገር አለ። የኋለኛው ጣውላ ከመሃለኛው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቫርኒሹ በሣጥን መጎተት ተልጧል፤ እንጨቱም መጥቆር ጀምሯል። ስስ የአሉሚኒየም መሸፈኛ ላደርግበት አስቤ ለካሁት፤ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ለሁለት ሚሊሜትር ብዬ ገና ሳልመታው እህቴ «ሣጥኑ ከፍ ይልብኛል፤ ሌላ ነገር ፈልግ» ብላኛለች። መስመሩን በጣውላው ውስጥ ሁለት ሚሊሜትር ጠልቄ ቆርጬ አሉሚኒየሙን እዚያው ላስተኛው ነው። በሚመጣው እሑድ፣ መኪናው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ጣውላው ጋራዥ ውስጥ ይጠብቀኛል።